ሰንጠረዥ እንዴት ጠፍጣፋ ሆነ?

ከሚሴ ውስጥ በየትኛውም መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ለባልደረባው «ሰንጠረዡን ላክልኝ» ቢለው የሚላክለት የኤክሴል ፋይል ነው። የማዳበሪያ ስርጭት፣ የተማሪዎች ቁጥር፣ የበጀት አፈጻጸም። ረድፍና ዓምድ፣ በየሣጥኑ ቁጥር። ንጉሥና ፈረስ የተደረደሩበት ሰሌዳ ተሸክሞ የሚመጣ ማንም የለም። ቃሉ ግን የጨዋታ ቃል ነበር።

የሕንዶቹ «ቻቱራንጋ»፣ ማለትም እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ያለው ባለ አራት ክፍል ሠራዊት፣ ፋርስ ሲደርስ «ቻትራንግ»፣ ዐረቦች እጅ ሲገባ «ሻትራንጅ»፣ ኢትዮጵያ ሲደርስ «ሰንጠረዥ» ተባለ። ነገሥታቱና መሳፍንቱ ለዘመናት ተጫወቱት። በኋላ ጨዋታው ጠፋ፤ ስሙ ግን ቀረ። ቼዝ በአውሮፓዊ ስሙና በአውሮፓዊ ሕጉ ተመልሶ ሲመጣ አሮጌው ስም ባለቤት አልባ ሆኖ ተገኘና የሒሳብ ሠራተኞችና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ወሰዱት። ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸው ንጉሥና ዙሪያውን የሚጮኸው ታዳሚ ቀርተው መስመሮቹ ብቻ ተረፉ። በአጭሩ፣ በአማርኛ ሰንጠረዥ ጠፍጣፋ ሆነ።

የሚገርመው፣ ከአርባ ዓመት በላይ የኮምፒውተር ቼዝ ሠሪዎችን ሲያከራክር የኖረው ጥያቄም ይኸው ነው። በስክሪን ላይ የሚታየው ሰሌዳ እንደ እንጨቱ ሰሌዳ ይሁን ወይስ እንደ ኤክሴሉ ሰንጠረዥ? የመጀመሪያው ባለ ሦስት አውታር ወይም በተለምዶ «ስሪዲ» የሚባለው ነው። ጠጠሮቹ ይቆማሉ፣ ጥላ ይጥላሉ፣ የሩቁ ረድፍ ትንሽ የቅርቡ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው ጠፍጣፋው ነው። ስልሳ አራት እኩል ሣጥኖች፣ በየሣጥኑ አንድ ምልክት፤ ከዚህ ውጭ ምንም የለውም። ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጨዋታ ወደ ስክሪን ሲገባ ምኑ እንደሚተርፍ፣ ምኑ እንደሚቀር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ለጠፋው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥም፣ ዛሬ ከስልክ ሌላ ሰሌዳ ለሌለው ለከሚሴ ወጣትም ጥያቄው በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 ካናዳዊው ፒተር ጄኒንግስ «ማይክሮቼስ»ን ኪም-1 ለተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ሲጽፍ የማሽኗ ማስታወሻ ከአንድ ኪሎባይት እምብዛም አይበልጥም ነበር። ስክሪንም አልነበራትም፤ እንደ ካልኩሌተር የሚበሩ ስድስት አኃዞች ብቻ ነበሯት። ማሽኗ የተጫወተችውን በቁጥር ትናገራለች፤ ሰውየው አጠገቡ ባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጠጠሩን በእጁ ያንቀሳቅስላታል። በዚያ ዘመን የኮምፒውተር ቼዝ ምርጡ ባለ ሦስት አውታር ሰሌዳ የተጫዋቹ ጠረጴዛ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጡት ጠፍጣፋ ነበሩ፤ አቅማቸው ከዚያ በላይ ስለማይፈቅድ። በ1979 አታሪ ያወጣው «ቪዲዮ ቼስ» የተሠራበት ማሽን በአንድ ረድፍ ስምንት ምስል አሰልፎ ማሳየት የማይችል ስለነበር ፕሮግራመሩ ምስሎቹን እንደ መስኮት መጋረጃ ስንጥር ከፋፍሎ እየቆራረጠ ነው ያሳያቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ ውበት የሚከራከሩበት ጊዜ አልነበራቸውም።

የማሽኑ አቅም ሲጨምር ግን ገበያው ስሪዲ ፈለገ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የብሪታንያው ኩባንያ የፕሲዮን ቼዝና በ1986 የወጣው «ቼስማስተር 2000» ተጫዋቹ በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል እንዲመርጥ ፈቀዱ። በ1988 «ባትል ቼስ» መጣ። እዚህ ጠጠሮቹ እግር አውጥተው ይራመዳሉ፣ አንዱ ሌላውን ሲበላ ሰይፍ ይማዘዛሉ፣ ይገዳደላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳያል። አሥረኛው ግድያ ላይ ግን ትርዒቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ይሰለቻል፤ ተጫዋቹ የሚፈልገው ቀጣዩን ርምጃ ነው። ለዚያም ነው «ባትል ቼስ» ራሱ ትርዒቱን ዘግቶ በጠፍጣፋ ሰሌዳ መጫወት የሚቻልበትን በር ያልዘጋው። ስሪዲው ዕቃውን ከመደርደሪያ ላይ ይሸጣል፤ ገዝቶ ቤቱ የገባው ሰው ግን ቀስ በቀስ ወደ ጠፍጣፋው ይዞራል። ይህ ልማድ እስካሁን ብዙም አልተለወጠም።

በኢንተርኔት ካፌና በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ቼዝን ያገኘው የኢትዮጵያ ትውልድ የሚያስታውሰው ስሪዲ «ቼስ ታይታንስ» ነው። ከዊንዶውስ ቪስታና ከዊንዶውስ ሰቨን ጋር የመጣ ስለሆነ የሚገዛውም የሚያወርደውም ሰው አላስፈለገም። ብርሃኑ የሚያንጸባርቅ ሰሌዳ፣ የሚያብረቀርቁ ጠጠሮች፣ አለቃ ሲገባ በፍጥነት የሚዘጋ መስኮት። ዊንዶውስ 8 በ2012 ሲመጣ ጨዋታው ተቀንሶ ቀረ፤ ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ቼዝ ያገኘው በስልክ ነው፤ በስልክ ደግሞ ያገኘው ጠፍጣፋውን ነው።

ስሪዲው የሚያስቸግረው ለምን እንደሆነ በስልክ ላይ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል። ሰሌዳው ጋደም ሲል የሩቆቹ ረድፎች ይጨመቃሉ፤ የባላጋራ ጦር የተደረደረበት፣ ይበልጥ መታየት የሚገባው ቦታ፣ በጣም ጠባቡ ቦታ ይሆናል። ረጅሟ ንግሥት ከኋላዋ ያለውን ወታደር ትከልላለች። ጣት የንጉሡን ራስ ሲነካ ራሱ ያለው ከበስተኋላ ባለው ሣጥን ላይ ተደርቦ ስለሆነ ስልኩ የትኛው ሣጥን እንደተነካ ይጠፋዋል። የእንጨት ሰሌዳ ፊት የተቀመጠ ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ ሁለት ዓይን አለው፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ካስፈለገ ቆሞ ከላይ ያያል። ስሪዲው የእንጨቱን ሰሌዳ ጉድለት ይዞ የመጣው መድኃኒቱን ትቶ ነው።

ታዲያ ካሜራውን ከፍ ማድረግ ነዋ፣ ይባል ይሆናል። ካሜራው ከፍ እያለ ሄዶ በቀጥታ ከአናት ላይ ሲሆን ሌላ ጉድ ይመጣል። ዛሬ ዓለም የሚጫወትበት የስታንተን ቅርጽ፣ በ1849 ለንደን ውስጥ ለገበያ የቀረበው፣ ከጎን እንዲታወቅ የተሠራ ነው። ከአናቱ ሲታይ ወታደሩም፣ ቢሾፑም፣ ንግሥቲቱም ትልቅና ትንሽ ክብ ናቸው። ፈረሱ ብቻ በመጠኑ ይለያል።

ስለዚህ ጠፍጣፋው ሰሌዳ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ከላይ የታየ ሰሌዳ» አይደለም። ሰሌዳው ከላይ ነው የሚታየው፤ በላዩ ያሉት ምልክቶች ግን ከጎን የተሣሉ ናቸው። በአንድ ሥዕል ሁለት ዕይታ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ በዓለም ላይ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ የለም፤ በወረቀትና በስክሪን ብቻ ነው ያለው። ከሥዕል ይልቅ ለጽሕፈት ይቀርባል። (የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ከፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ከጎን ሲሥል ሰዎቹ ከየት ሆነው እንደሚታዩ እየተጨነቀ አልነበረም፤ ማን ማን እንደሆነ እንዲነበብ ነው የፈለገው።)

ይህ ጽሕፈት ከኮምፒውተር በብዙ ምዕተ ዓመት ይቀድማል። በአባሲዶች ዘመን አል-አድሊና አስ-ሱሊ የተባሉ የሻትራንጅ ሊቃውንት ስለ ጨዋታው መጻሕፍት ጽፈዋል። ከእነርሱ ትምህርት የተቀዱት የዐረብኛ ብራናዎች ሰሌዳውን በመስመር ይሥሉና በየሣጥኑ ውስጥ የጠጠሩን ስም በፊደል ይጽፋሉ። እዚህ «ሻህ»፣ እዚያ «ፈረስ»። የዛሬው የስልክ ሰሌዳ ቅድመ አያት እርሱ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የኖረው ታላቁ የቁርኣን ተፍሲር ዐዋቂ ሰዒድ ኢብን ጁበይር ለሰሌዳው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳያይ፣ ይጫወት እንደነበር ይነገርለታል። የፊቅህ ሊቃውንት ጨዋታው ይፈቀዳል አይፈቀድም ሲሉ በተከራከሩበት ዘመን እርሱ ሰሌዳውን ማየት ራሱን ትቶት ነበር።

ሳያዩ የሚጫወቱ ሰዎች አእምሯቸው ውስጥ የሚያዩት ምንድን ነው? ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ በ1894 ባሳተመው ጥናት ጠይቋቸው ነበር። በዓይነ ኅሊናቸው የዝሆን ጥርስ ፈረስና የእንጨት ሰሌዳ እንደ ፎቶግራፍ ቁልጭ ብሎ የሚታያቸው ይሆናል ብሎ ነበር የገመተው። የጠነከሩት ተጫዋቾች መልስ ግን ሌላ ሆነ። ቀለምና ቅርጽ አያዩም፤ የሚታያቸው ይህ ያንን ያጠቃል፣ ያ ይህን ይጠብቃል የሚለው ግንኙነት ነው። በ1973 አሜሪካውያኑ ዊልያም ቼዝ (ስሙ አጋጣሚ ነው) እና ኸርበርት ሳይመን ያደረጉት ሙከራም ወደዚያው ያመለክታል። የላቁ ተጫዋቾች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለጥቂት ሰከንድ አይተው ይደግሙታል፤ ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ከጀማሪ ብዙም አይሻሉም። የሚይዙት ጠጠሩን ሳይሆን ትርጉሙን ነውና። ለእንዲህ ያለ አእምሮ ጥላና ነጸብራቅ ጭነት ነው።

ስሪዲው የመጨረሻ ዕድሉን የሞከረው በኅዳር 2003 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ጋሪ ካስፓሮቭ ልዩ መነጽር አድርጎ አየር ላይ የተንሳፈፈ ከሚመስል ሰሌዳ ፊት ተቀመጠና ርምጃዎቹን በድምፅ እየተናገረ «ኤክስ ስሪዲ ፍሪትዝ» ከተባለው ፕሮግራም ጋር አራት ጨዋታ ተጫወተ። አንዱን ተሸነፈ፣ አንዱን አሸነፈ፣ ሁለቱ አቻ፤ ድምሩ ሁለት ለሁለት። ዝግጅቱ ታላቅ ወሬ ሆነ፤ መነጽሩ ግን ከዚያ ወዲያ በታላላቅ ውድድር አልታየም። ዛሬ የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ ሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ከሥሩ ያለው መሣሪያ ርምጃውን ያነብና ለሚሊዮን ተመልካች በጠፍጣፋ ሰሌዳ ያሳያል። ለእጅ እንጨቱ፣ ለዓይን ጠፍጣፋው። በመካከል እንጨት ነኝ የሚለው ምስል ቦታ አላገኘም።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ማስረጃ የሚናገረው ስለ አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ሁለት ሰው ዝም ብሎ ተራ በተራ ስለሚጫወተው። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ እንዲህ አልነበረም።

ዓፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ መጫወታቸው ተመዝግቧል። ጨዋታው በዝርዝር የሚታየን ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጓዦች ብዕር ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ የጉዞ መጽሐፉ በ1814 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በትግራዩ ገዢ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ያየው ሰሌዳ ዛሬም ይሰማል ለማለት ያስደፍራል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ሻካራና ግዙፍ ነበሩ። የባላጋራን ጠጠር የሚበላው ሰው በቀስታ አያነሣውም፤ በራሱ ጠጠር በኃይል መትቶ ከቦታው ያስወግደዋል። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ አስተያየት ይሰጣል፤ የተሻለ ርምጃ የታየው ደግሞ ጠጠሩን ብድግ አድርጎ ያሳያል። አውሮፓዊው በዝምታ የሚጫወተውን ጨዋታ በጩኸት ሲጫወቱት አይቶ ተደነቀ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ዋልተር ፕላውደን የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ በ1849 እ.ኤ.አ. ከየጁው ራስ ዓሊ ጋር ውል የተፈራረመ ሰው ነው። የየጁ መሳፍንት መነሻቸው ከወሎ ምድር፣ መናገሻቸው ደብረ ታቦር ነበር። ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 የታተመው መጽሐፉ የሰንጠረዥን ሕግ ከዘረዘሩት አንዱ ነው። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረውም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ ሣጥኖቹን የሚለዩት መስመሮች ብቻ ነበሩ። ንጉሥ አለ፤ አጠገቡ ፈርዝ፣ አንድ ርምጃ በሰያፍ ብቻ የምትሄድ፣ የዛሬዋ ኃያል ንግሥት ያልሆነች። ፊል የተባለው ዝሆን ሁለት ሣጥን በሰያፍ ይዘላል። ፈረስ እንደዛሬው ነው፤ ደር የዛሬው ሩክ ነው፤ ፊት ለፊት መደቆች ይሰለፋሉ። በሩክ ወይም በፈረስ ንጉሥ መያዝ ብዙም አያስከብርም ነበር። በደካማው በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ መያዝ ነው የጨዋታ ዐዋቂ ሥራ።

ልዩ የሚያደርገው ግን አጀማመሩ ነው። «ወረራ» ይባላል። ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ርምጃ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን እጅ ያያል፣ አሰላለፉን ይለውጣል፣ ሌላውም ያንን አይቶ መልሶ ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ ይጀመራል። ስለዚህ የዛሬ ቼዝ ተጫዋቾች ከመጽሐፍ የሚሸመድዱት የመክፈቻ ርምጃ ዓይነት ነገር ለሰንጠረዥ የለውም፤ የሚሸመደድ ተራ የለምና።

ሰንጠረዥን ከመረሳት ያዳነው ጠፍጣፋው ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ ታሪክና ሕግ ያሳተሙት ጽሑፍ የተጓዦቹን ማስታወሻ ሰብስቦ ሕጉን በወረቀት አስቀመጠ። እርሳቸው እንደሚሉት ጨዋታው ከ1930ዎቹ የጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፍቷል። በወረራ የሚጀምር ጨዋታ በወረራ አለቀ። ጠጠሮቹ በየሙዚየሙ አሉ፤ ሙሉ ባለ ሦስት አውታር ናቸው፣ ከመስታወት በስተጀርባ ዙሪያቸውን ዞሮ ማየት ይቻላል፤ ሕጉን ያላነበበ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያየው የተቀረጸ ጥርስ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ሕጉን ሁሉ ይዞ ሶልት የሰማውን ጩኸት አልያዘም።

እንግዲህ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ሰንጠረዥን በስልክ ልመልስ ብሎ ቢነሣ የመጀመሪያው ፈተና ምኑ ላይ ነው? ሁሉም የሚያስበው ሥዕሉን ነው። ቀይ ጨርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የግቢ ድባብ፣ በስሪዲ፣ ከጀርባው ክራር። ለማስታወቂያ ያምራል፤ ምናልባት ለቱሪዝም ቢሮ አቀራረብም ይሆናል። እውነተኛው ፈተና ግን ሌላ ነው። የቼዝ ፕሮግራም ሁሉ የተገነባው «አሁን የማን ተራ ነው?» በሚል ጥያቄ ላይ ነው። ማሽኑ ወደፊት የሚያስበው እኔ ይህን ባደርግ እርሱ ያንን ያደርጋል፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ እርሱ እያለ ነው። ወረራ ይህን መሠረት ያፈርሰዋል። በአንድ ሰከንድ አምስት ሺህ ርምጃ መሄድ ለሚችል ማሽን «በፈለግኸው ፍጥነት ተጫወት» ማለት ሰውን በእጁ ፍጥነት ከመብረቅ ጋር ማወዳደር ነው። ማሽኑን በሰው እጅ ልክ ማዘግየት ያስፈልጋል፤ ምን ያህል የሚለውን ደግሞ የትኛውም ብራና አልጻፈውም። በወረራ ጊዜ ዓይን መላውን ሰሌዳ በአንድ ዕይታ መያዝ ስላለበት ደግሞ የሩቁን ረድፍ የሚጨምቀው ስሪዲ እዚህ ከቼዝም ይብስበታል።

ይህ ፕሮግራመር ከሚሴ ላይ የተቀመጠ ነው እንበል። ከሚሴ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ መሃሏን የሰነጠቃት፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ሻይ ቤት፣ በየሻይ ቤቱ ስልክ። እዚህ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር የሚያሳይ ጽሑፍ መፈለግ አያስፈልግም፤ የተጻፈልን የመሳፍንት ግቢ ጨዋታ ነው። የሕዝቡ ጨዋታ ገበጣ ነበር፤ እንጨት ላይ ባይፈለፈል መሬት ተቆፍሮ፣ ጠጠር ተለቅሞ፣ የትም የሚጀመር። ነገር ግን ዛሬ ቼዝ የሚማር የከሚሴ ልጅ የሚጫወተው በምን እንደሆነ የማያሻማ ነው። በስልክ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ስልክ ለሁለት።

በአንድ ስልክ ለሁለት የሚለው ነገር የስሪዲን ሌላ ጉድለት ያወጣል። ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ተጋድሞ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሲቀመጥ ጠፍጣፋው ሰሌዳ ለሁለቱም ሰሌዳ ነው። ምልክቶቹ ለአንዱ ተገልብጠው ይታዩት ይሆናል፤ ሣጥኖቹ ግን እኩል ናቸው፣ የሚከለል ነገር የለም፣ አንዳንዱ ፕሮግራም የባላጋራን ምልክቶች አዙሮ ይሥልለታል። ስሪዲው ግን አንድ ካሜራ አለው፤ ካሜራው ደግሞ የአንዱ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ከማዶ ያለው ሰው ጨዋታውን የሚያየው በባላጋራው ዓይን፣ ተዘቅዝቆ ነው። በ2011ም በ2013ም በከሚሴና በአጣዬ አካባቢ የሆነውን ግጭት ከሁለት ሻይ ቤት የሰማ ሰው ይህ ዓይነቱ ሰሌዳ አያስገርመውም።

ሌላው የመረብ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ደርሶ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎችና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ታጣቂዎች እጅ ገብታ ነበር፤ የመንግሥት ጦር የተመለሰው በኅዳር መጨረሻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአብዛኛው የክልሉ ክፍል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። እንዲህ ባለ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ የሚኖር ጨዋታ የለም ማለት ነው፤ ሊቼስም ሆነ ሌላው አይከፈትም። የሚሠራው ስልኩ ውስጥ የተቀመጠው ብቻ ነው። «ድሮይድፊሽ»ን የመሰለው ነፃ ፕሮግራም ጠፍጣፋ ሰሌዳውንና ከየትኛውም ሰው የሚበረታውን «ስቶክፊሽ» የተባለ ሞተር ይዞ ያለ ዳታ ይሠራል፤ ቀላል ስለሆነም ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ማለፍ ይችላል። የስሪዲ ጨዋታ ግን ፋይሉ ከባድ ነው፣ አሮጌ ስልክ ያግላል፣ ባትሪ ይበላል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪ ደግሞ ገንዘብ ነው። የወጣት ማእከላትን በኮምፒውተር እናደራጅ የሚሉ ቢሮዎችና ድርጅቶች ዕቃ ሲመርጡ የሚያብረቀርቀውን ከማየታቸው በፊት ያለ መረብ ይሠራል ወይ ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። በተረፈው ገንዘብም ጥቂት የእንጨት ሰሌዳዎች ይገዙ፤ ካስፓሮቭ ፊት ቢሆን እንኳን መነጽሩን ያሸነፈው እንጨቱ ነው።

የጠፍጣፋው ሰሌዳ ጥቅም በቋንቋም ይመጣል። በሰሌዳው ግርጌ ሣጥኖቹ የሚጠሩባቸው ከኤ እስከ ኤች ያሉ የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል። በዞኑ ትምህርት ቤቶች በአፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅ ቁቤን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚያውቀው አይቸገርም፤ በአማርኛ የሚማረውም ከእንግሊዝኛ ክፍሉ ያገኘዋል። ምልክቶቹ ደግሞ የማንም ቋንቋ አይደሉም። ሁለቱ ልጆች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ባይሰማ እንኳ ጨዋታው አይቆምም።

ለሰንጠረዥ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ምልክት የለም። የቢሾፑ ምልክት የጳጳስ ቆብ ነው፤ ፊልን፣ ዝሆኑን፣ በዚያ መሣል ነገሩን ማጥፋት ይሆናል። የፈርዝ ቦታ ላይ የንግሥት ዘውድ ቢሣል ተጫዋቹ ሰሌዳውን አቋርጣ ትሄዳለች ብሎ ይጠብቃል፤ እርሷ ግን አንድ ሣጥን ብቻ ነው የምትራመደው። አንዱ መንገድ የዐረብኛ ብራና ጸሐፊዎች ያደረጉትን ማድረግ ነው፤ በየሣጥኑ የስሙን መነሻ ፊደል መጻፍ። ለንጉሥ «ን»፣ ለደር «ደ»፣ ለመደቅ «መ»፣ ለፊል «ፊ»። ፈርዝና ፈረስ ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱም በ«ፈ» ስለሚጀምሩ ከሁለቱ አንዱ ሁለት ፊደል ይፈልጋል። በቁቤ ልጻፈው የሚለውም አያመልጥም፤ በአፋን ኦሮሞም ፈረስ «ፈርዳ» ነው።